የኦኔሲሞስ መንገድ

ኦኔሲሞስ ነሲብ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1856 ገደማ በኢሉባቦር አገር ተወለደ፤ በዚህ ታሪክ የሚገኙት ሌሎቹም ዓመታት እንዲሁ በፈረንጅ አቈጣጠር ናቸው። የልጅነት ስሙ ሂካ ነበረ፤ ትርጓሜውም በኦሮሞ ቋንቋ አስተርጓሚ ማለት ነው። ገና ሕፃን ሳለ አባቱ ሞተ። ከዚህም በኋላ ባሪያ ፈንጋዮች ነጥቀው ሸጡት። ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው እየተሸጠ፥ ረጅም መንገድ ተነድቶ ምጽዋ ደረሰ። በዚያም በ1870 ነጻ ወጣና ወደ ስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባ።

በትምህርቱ ትጉህ ስለ ሆነ በ1876 ወደ ስዊድን አገር ተላከ። በዋናው ከተማ በስቶክሆልም አጠገብ፥ ብሮማ በሚባል ስፍራ አምስት ዓመት ተማረ። ስቶክሆልም በብዙ ደሴቶች ላይ የተሠራች ከተማ ናት፤ ሰፈርን ከሰፈር የሚያገናኘው ድልድይ ነው። በእግሩ የሚዘዋወር ሰው በአሮጌው ሰፈር ጠባቡን የድንጋይ መንገድ ያያል፤ ከዚያም ጥቂት ወጣ ቢል መርከብ የቆመበትን ወደብ ያገኛል። በብርዱ ወራት ቀኑ እጅግ ያጥራል፤ በሙቀቱ ወራት ግን ሌሊቱ እንኳ ብዙ አይጨልምም።

ነገር ግን በዚያ አገር ከድልድዩና ከወደቡ የሚበልጥ ነገር ነበረ። በ1842 በወጣው ሕግ በየደብሩ ትምህርት ቤት እንዲኖር ታዝዞ ስለ ነበረ፥ የድኻ ልጅ ሳይቀር በእናቱ ቋንቋ ማንበብ ይማር ነበር። ከኢሉባቦር እስከ ወሎ፥ እስከ ከሚሴም ድረስ የሚነገረው የኦሮሞ ቋንቋ ግን በዚያን ጊዜ ከጥቂት በቀር የታተመ መጽሐፍ አልነበረውም።

ኦኔሲሞስ በ1881 ከስዊድን ተመልሶ ወደ ወገኖቹ አገር ለመግባት በሱዳን በኩል ተጓዘ፤ ወደ ወሰኑ ከቀረበ በኋላ ግን በንዳድ ምክንያት ተመለሰ። ሁለተኛም ተነሥቶ እስከ እንጦጦ ደረሰ፤ ከዚያ ወዲያ ማለፍ ስላልተፈቀደለት በ1886 ወደ ምጽዋ አውራጃ ተመለሰ።

መንገዱ ቢዘጋበትም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ ብዕሩን አነሣ። እንደ እርሱ ከባርነት የወጣች አስቴር ጋኖ የምትባል አስተዋይ ሴት በሥራው ረዳችው። በግዕዝ ፊደል የተጻፈው የኦሮሞ አዲስ ኪዳን በ1893፥ የልጆች ማንበቢያ መጽሐፍ በ1894፥ መላው መጽሐፍ ቅዱስም በ1899 ታተመ። ሂካ የተባለው ልጅ እንደ ስሙ ሆነ።

በ1904 ወለጋ ገብቶ በነቀምቴ ልጆችን ያስተምር ጀመር። ከሳሾች ቢነሡበትም ማስተማሩን ሳይተው በ1931 ዐረፈ።

የሰው አገር ማየት መልካም ነው። ነገር ግን ያየውን ድንቅ ብቻ የሚያወራ ሰው ወሬው ከእርሱ ጋራ ያልፋል፤ ለወገኑ የጎደለውን አውቆ የሚሠራ ሰው ግን ሥራው ከእርሱ በኋላ ይኖራል።