ከሊሙ የወጡት መምህርት፤ የአስቴር ጋኖ ሕይወት

ውድ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣቶች፤ ባለፈው ክረምት ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት ወደ ሊሙ ገነት በተመለስሁ ጊዜ፥ ከጥቂት ጓደኞቼ ጋር በመሆን አንድ ሥራ ጀምረን ነበር። በከተማችን ዳር፥ በቡና ለቀማ ወራት መጥተው በዚያው የቀሩ የቀን ሠራተኞች ቤት ተከራይተው የሚኖሩበት ሠፈር አለ። እኛም ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደዚያ እየወረድን ሕፃናቱን በትምህርታቸው ልናግዝና የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ልንነግራቸው ተስማማን። በመጀመሪያው ቅዳሜ ሠላሳ የሚሆኑ ልጆች መጡ። በአራተኛው ቅዳሜ ዘጠኝ ብቻ ቀሩ። እኛም ወላጆቻቸው ለትምህርት ግድ የላቸውም ብለን ፈረድንባቸው።

የቀሩትን ልጆች ለመጠየቅ በየቤቱ ስንዞር ግን አንዲት እናት እውነቱን ነገሩን። ልጃቸው የምንናገረው እንደማይገባት፥ ሌሎች ሲስቁ እርሷ ዝም ብላ መቀመጡ ስላሳፈራት እንደቀረች በኦሮምኛ አስረዱን። እኛ ያስተማርነው በአማርኛ ብቻ ነበር። ልጆቹ በትምህርት ቤታቸው የሚማሩት በኦሮምኛ ነው፤ ከእኛም መካከል ግማሾቻችን በቤታችን የምንነጋገረው በዚያው ቋንቋ ነው። ሆኖም ለማስተማር ስንቆም አማርኛ ካልሆነ ትምህርት የሆነ አልመሰለንም ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ አንዲት ከዚሁ ከሊሙ ምድር ስለተወሰዱ ሴት ማሰብ ጀመርሁ። ታሪካቸውን ለእናንተ ለማካፈል የተነሣሁትም ስለዚህ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ19ኛው መቶ ዘመን በግቤ ወንዝ አካባቢ አምስት የኦሮሞ መንግሥታት ነበሩ፤ እነርሱም ሊሙ እናርያ፥ ጅማ፥ ጎማ፥ ጉማና ጌራ ናቸው። የሊሙ እናርያ መናገሻ ከከተማችን በስተሰሜን የምትገኘው ሰቃ ነበረች። ከ1825 እስከ 1861 በነገሡት በአባ ቦጊቦ ዘመን ከጎጃምና ከጎንደር የሚመጡ ነጋዴዎች ሰቃ ድረስ እየዘለቁ ቡና፥ የዝሆን ጥርስ፥ ዝባድና ወርቅ ይጭኑ ነበር። ከዚህ ጋር ሰውም ይሸጥ ነበር። በጦርነት የተማረከ፥ በዘረፋ የተያዘ፥ በዕዳ ወይም በፍርድ ነፃነቱን ያጣ ሁሉ ከገበያ ወደ ገበያ እየተሸጠ እስከ ቀይ ባሕር ዳርቻ ይደርስ ነበር። እኛ የምንኮራበት የቡና ንግድና ይህ የሰው ንግድ በአንድ መንገድ ይጓዙ እንደነበር መርሳት አይገባንም።

አስቴር ጋኖ የተወለዱት በ1872 ገደማ ነው። ሲወለዱ ነፃ ሰው ነበሩ፤ ኋላ ግን የሊሙ እናርያ ንጉሥ ባሪያ አደረጋቸው። ከዚያም ተሽጠው ከአገራቸው ርቀው ባሕሩ ዘንድ ደረሱ፤ ወደ ዓረብ አገር ለመሸጥ በጀልባ ተጫኑ። በ1886 ግን የኢጣልያ መርከቦች ያችን ጀልባ በባሕር ላይ ያዟትና በውስጧ የነበሩት ነፃ ወጡ። ኢጣልያኖች ምጽዋን ከያዙ ገና አንድ ዓመታቸው ነበር። አስቴር ያን ጊዜ ዐሥራ አራት ዓመት ገደማ ነበራቸው።

ወገኖቼ፥ ነፃ ወጣ የሚለውን ቃል በቀላሉ አንለፈው። ሰንሰለቱ ተፈታ፤ ነገር ግን አገሩ የወራት መንገድ ነው፤ ዘመድ የለም፥ የሚያውቀው የለም፥ ተመልሶ ቢሄድ በመንገድ ላይ እንደገና የሚይዘው ነጋዴ አለ። ስለዚህ አስቴር የስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን ወደሚሠራበት፥ ከምጽዋ ጥቂት ወጣ ብሎ ወደሚገኘው ወደ እምኩሉ ተወሰዱ። እምኩሉ ሐሩር የበረታበት ሠፈር ነው። በዚያም ከልዩ ልዩ አገር ተነጥቀው የመጡ ልጆች በአንድነት ይኖሩ ነበር። ሚስዮኑ ለእነዚህ ልጆች ትምህርት ቤት ከፈተላቸው፤ ማተሚያም ነበረው። አስቴር ማንበብና መጻፍ የተማሩት በዚያ ነው።

በእምኩሉ ከነበሩት መምህራን አንዱ አናሲሞስ ነሲብ ናቸው። እርሳቸውም በኢሉባቦር በሁሩሙ የተወለዱ፥ በልጅነታቸው ለባርነት ተሽጠው በ1870 በምጽዋ ነፃ የወጡ፥ በ1872 የተጠመቁ፥ በኋላም በስዊድን አገር የተማሩ ሰው ነበሩ። ወደ ኦሮሞ አገር ለመግባት ሁለት ጊዜ ሞክረው መንገዱ ስለተዘጋባቸው በ1886 ወደ እምኩሉ ተመለሱ፤ መጽሐፍ ቅዱስንም ወደ ኦሮምኛ መተርጎም ጀመሩ። ነገር ግን አንድ ትልቅ ችግር ገጠማቸው። ቋንቋው የተወለዱበት ቢሆንም ከወገናቸው የተለዩት በሕፃንነታቸው ስለሆነ፥ ለእንዲህ ያለ ሥራ የሚበቃ ቃል አልነበራቸውም። ብዙ መጽሐፍ የተማሩት ሰው፥ እናቶች በጓዳ የሚነጋገሩትን ቃል የሚነግራቸው ሰው ያስፈልጋቸው ነበር።

ያም ሰው ከሊሙ የመጡት ልጅ ሆኑ። አናሲሞስ የአስቴርን የቋንቋ ስጦታ ተመልክተው የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት እንዲያዘጋጁ ሥራ ሰጧቸው። ይህም የቃላት ስብስብ በ1893 በእምኩሉ የታተመውን የአዲስ ኪዳን ትርጉም ለማቃናት አገለገለ። አስቴር በዚህ ብቻ አልቆሙም፤ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮችን መጽሐፍ ወደ ኦሮምኛ ተረጎሙ፤ በልጅነታቸው የሰሙትንም ዘፈን፥ ተረት፥ ምሳሌና እንቆቅልሽ አምስት መቶ ያህል እያስታወሱ ጻፉ። ከዚህ ውስጥ ብዙው በ1894 በታተመው ጀልቀበ በርሲሳ በተባለው የንባብ ማስተማሪያ ገባ። ከአናሲሞስም ጋር አንድ መቶ ያህል መዝሙር ያለው መጽሐፍ አዘጋጁ። በ1899 ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በስዊስ አገር በቅዱስ ክሪሾና ታተመ። ዛሬ ኦሮምኛ በቁቤ ይጻፋል፤ እነዚያ መጻሕፍት ግን የተጻፉት በግዕዝ ፊደል ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ያች ልጅ የተወሰደባት ብዙ ነው፤ ቤቷ፥ ወላጆቿ፥ አገሯ፥ ነፃነቷ ተወስዶባታል። ነጋዴዎቹ ሊወስዱት ያልቻሉት ግን በማታ እሳት ዳር የሰማችውን ተረት ነው። ገዢዎች ምንም ዋጋ ያልሰጡት ያ ነገር፥ የሕዝብ ማስተማሪያ መጽሐፍ ሆነ።

በመጽሐፍ ቅዱሱ ትርጉም ላይ ግን ስሙ የታወቀው የአናሲሞስ ነው። ታሪክ የመረመሩ ሰዎች አስቴር ያደረጉት አስተዋፅኦ ከተነገረላቸው የበለጠ እንደሆነ ይናገራሉ። ይህን የምጽፈው የአናሲሞስን ድካም ለማሳነስ አይደለም፤ እርሳቸው ሥራውን ባያምኗቸው ኖሮ የአስቴር ስጦታም ተደብቆ በቀረ ነበር። ይሁን እንጂ በነገሥት መጽሐፍ ስለ ንዕማን ስናነብ፥ የመዳኑን መንገድ ያመለከተችው ተማርካ የሄደች ትንሽ ልጅ መሆኗን፥ ስሟም እንዳልተጻፈ እናውቃለን። የንዕማንን ስም ሁላችን እናስታውሳለን። የአስቴር ስም ተርፎልናልና ልንጠራው ይገባናል።

በ1904 አናሲሞስ፥ አስቴርና ሌሎች ጓደኞቻቸው ከኤርትራ ተነሥተው ወደ ወለጋ መጡ። በነቀምቴ የአገሩ ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፥ የቀድሞው ኩምሳ ሞረዳ፥ ተቀበሏቸው። ትምህርት ቤትም ተከፈተ፤ አስቴርም በዚያ መምህርት ሆኑ። ሥራው ያለ ፈተና አልነበረም። አናሲሞስ በካህናት ተከሰው በ1906 አዲስ አበባ ቀረቡ፤ ዐፄ ምኒልክም ወደ ነቀምቴ እንዲመለሱ ፈቅደው እንዳይሰብኩ ከለከሏቸው። የስብከት ፈቃድ ያገኙት በ1916 በልጅ ኢያሱ ዘመን ነው። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ትምህርቱ በሕዝቡ ቋንቋ መሰጠቱን ቀጠለ።

አናሲሞስ በ1931 በነቀምቴ ዐረፉ። አስቴር ግን ብዙ ዘመን ኖሩ። የባሪያ ንግድ የሚከለክለው አዋጅ ሲወጣ፥ ባርነትም በ1942 በሕግ ጨርሶ ሲሻር በሕይወት ነበሩ። በልጅነታቸው ያጠፋቸው ሊሆን የነበረው ነገር ሲሻር ያዩት፥ ራሳቸው አስተማሪ ሆነው ነው። በ1964 ዐረፉ።

አሁን ወደ ሠፈራችን ልመለስ። ከዚያች እናት ጋር ከተነጋገርን በኋላ የነበረን ጊዜ ሦስት ቅዳሜ ብቻ ነበር። አስቴር የሠሩትን በማሰብ፥ ልጆቹን ከማስተማራችን በፊት እነርሱ እንዲያስተምሩን ጠየቅናቸው፤ በኦሮምኛ እንቆቅልሽ እንዲጠይቁን አደረግን። ዝም ትል የነበረችው ልጅ ተመልሳ መጥታ ሁላችንንም ሦስት ጊዜ ረታችን። ከከፋና ከዳውሮ የመጡ ወላጆች ልጆችም የራሳቸውን እንቆቅልሽ ተናገሩ፤ ያን ጊዜ ደግሞ የማናውቀው ቋንቋ እንዳለ ተረዳን። በመጨረሻው ቅዳሜ ሃያ አንድ ልጆች ነበሩ። ይህን ለምስጋና አልጻፍሁትም፤ የቀሩት ሌሎቹ አልተመለሱምና። እኔም ዕረፍቴን ጨርሼ ወደ ትምህርቴ ተመለስሁ፤ ሥራውም ዛሬ በሁለት ልጆች ትከሻ ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ ይገኛል።

ስለዚህ በሊሙ ገነት የምትገኙ ወንድሞችና እኅቶች፥ ልብስ ወይም ደብተር ይዘን ወደ ድሆች ሠፈር መሄድ መልካም ነው። ነገር ግን ይዘን የሄድነውን ብቻ ሰጥተን ከተመለስን፥ እዚያ ያለውን ሳናይ እንቀራለን። በእምኩሉ ያ ሁሉ ሥራ የተቃናው አንድ የተማረ ሰው ከአንዲት ነፃ ከወጣች ልጅ ቃል ለመማር ባለማፈሩ ነው። በዚያ በከተማችን ዳር ባለው ሠፈር ምን ዓይነት ስጦታ ያላት ልጅ ዝም ብላ እንደተቀመጠች ማን ያውቃል? ከእናንተ መካከል ኦሮምኛ፥ ከፍኛ ወይም ዳውርኛ የሚችል ቢኖር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁለቱን ልጆች ይርዳ። ከአራት መቶ ዓመት በፊት የተደረገ ነገር አልጠየቅኋችሁም፤ ከአስቴር ዕረፍት ወዲህ አያቶቻችን ገና በሕይወት አሉ። እግዚአብሔር ለሥራው ያበርታን።