የድመቷ አባት፦ አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ)

በላፍቶ ሰፈራችን በክረምቱ ዝናብ የራሰች ድመት አገኘን። አደረቅናት፣ አበላናት፤ የሰው አማና ናትና ባለቤቶቿን ፍለጋ ቤት ለቤት ዞርን። ልጆቻችን ለአንዲት ድመት ይህን ያህል ለምን እንደምንለፋ ጠየቁን። የአቡ ሁረይራን (ረ.ዐ) ሕይወት ነገርናቸው።

አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ከደውስ ጎሳ ናቸው። የቤተሰባቸውን መንጋ ሲጠብቁ አንዲት ትንሽ ድመት ነበረቻቸው። ሌሊት ዛፍ ላይ ያሳድሯታል፤ ቀን ይዘዋት ወጥተው ይጫወቱባት ነበር። ሰዎችም በዚሁ የድመቷ አባት አሏቸው።

በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ በኸይበር ዘመቻ ወቅት፣ መዲና ገቡ። ቤትና ሀብት ከሌላቸው አህሉ ሱፋ ጋር በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ ኖሩ። ረሃብ ሆዳቸው ላይ ድንጋይ እስኪያስራቸው ቢጠናባቸውም ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አልራቁም። 5,374 ሐዲሦች በእርሳቸው በኩል ተላልፈዋል። ድመት አስራ፣ ምግብ ከልክላ በገደለችው ሴት ላይ ስለደረሰው ቅጣት የሚናገረውን ሐዲሥ ካስተላለፉት አንዱም እርሳቸው ናቸው። በ59ኛው ዓመተ ሂጅራ ገደማ አረፉ፤ በበቂዕ ተቀበሩ።

በሦስተኛው ቀን አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር መጡ። ድመቷ የልጁን ድምፅ እንደሰማች ሮጣ ወጣች። እኛም አማናችንን መለስን። አላህ ለፍጡራኑ ከሚያዝኑት ያድርገን።