ከማኅተሙ በፊት መጠየቅ

ውድ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣቶች፥ መምህሩ ጥያቄ አላችሁ ወይ ሲሉን አብዛኞቻችን አንገታችንን እንደፋለን። ይህም ሁሉ ነገር ስለገባን ሳይሆን አለማወቃችን እንዳይታወቅብን ነው። ዛሬ ይህ ፍርሃት ያልነበረባቸውን፥ ነገር ግን አንድ ጥያቄ ዘግይቶባቸው ብዙ ያስከፈላቸውን ሰው ሕይወት እንመለከታለን። እኒህም ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ናቸው።

አፄ ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በአንጎለላ ተወለዱ። የአባቶቻቸው የዘር ሐረግ የተነሣው ከዚሁ ከመንዝ ነው። አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት በ1848 ዓ.ም. ሲሞቱ አፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ያዙ፤ የ11 ዓመቱ ልጅም ወደ መቅደላ ተወሰዱ። በዚያ 10 ዓመት ያህል ከኖሩ በኋላ በ1857 ዓ.ም. አምልጠው ሸዋ ገቡና የአባታቸውን ዙፋን ያዙ።

በንግሥናቸው ዘመን ከውጭ አገር የመጣ እንግዳ ሁሉ ጥያቄያቸውን አያመልጥም ነበር። ጠመንጃው እንዴት ይሠራል? መድኃኒቱ ምን ይፈውሳል? እያሉ ይመረምራሉ። ሰዓት ፈትተው መልሰው መግጠም ይወዱ ነበር። ንጉሥ ሆኖ አላውቅም፥ አስረዳኝ ማለት ክብርን የሚቀንስ አልመሰላቸውም።

በክፉ ቀን ዘመን ደግሞ ከብቱ በበሽታ አልቆ፥ በሬ ጠፍቶ፥ ሕዝቡ በረኃብ ሲረግፍ ዶማ ይዘው በገዛ እጃቸው መሬት ቆፈሩ። ሕዝቡ ምን ይሥራ ከማለት አስቀድሞ እኔስ ምን ልሥራ ብሎ ራስን መጠየቅ የመሪ ግዴታ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ይሁን እንጂ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከኢጣልያ ጋር የውጫሌን ውል ተዋዋሉ። የ17ኛው አንቀጽ የአማርኛው ቃል፥ ኢትዮጵያ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ስትነጋገር ከፈለገች በኢጣልያ በኩል ማድረግ ትችላለች የሚል ነው። የኢጣልያንኛው ግን ግዴታ አድርጎታል። ሁለቱ ጽሑፎች አንድ ናቸው ወይ? ይህ ጥያቄ በጊዜው መልስ አላገኘም። ንጉሠ ነገሥት መሆናቸውን ለአውሮፓ ነገሥታት ጽፈው ሳለ ከእንግሊዝና ከጀርመን የመጣው መልስ በኢጣልያ በኩል ጻፉ የሚል ስለሆነ ነገሩ ያኔ ተገለጠ።

አፄ ምኒልክ ስሕተቱን አልሸፈኑም። ጠየቁ፥ ተከራከሩ፥ የእቴጌ ጣይቱን ጠንካራ ተቃውሞም አዳመጡ፤ በመጨረሻም በ1885 ዓ.ም. ውሉን መሻራቸውን አስታወቁ። ኢጣልያ አስቀድሞም አገራችንን ትመኝ ነበርና ጦርነቱ በአንድ ቃል ብቻ የመጣ አይደለም፤ ቃሉ ግን ምክንያት ሆነ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ድል ተገኘ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ወገኖቻችንም ወደቁ። ውጫሌ የተሻረው በዚያው ዓመት ማግስት ጥቅምት 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተፈረመው የሰላም ውል ነው።

አፄ ምኒልክ ፍጹም አልነበሩም፤ በደቡብ ባደረጉት ዘመቻ ብዙ ሕዝብ ተጎድቷል። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ግን ሳያፍሩ የመጠየቅን ትምህርት ትተውልን ሄዱ።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፥ በማኅበራችን ገንዘብ ሲሰበሰብ፥ ኮሚቴ ሲመረጥ፥ ቃለ ጉባኤ ሲፈረም እንጠይቅ። የሚያመሰግነንን ብቻ ሳይሆን የሚቃወመንንም እንጠይቅ። በኃላፊነት ላይ ያለንም ጠያቂውን ታናሽ ወንድማችንን አንቆጣው። አለዚያ ነገሩ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆንብናል። ጥያቄ ከማኅተሙ በፊት ሲቀርብ የሚያስከፍለው ጥቂት እፍረት ነው፤ ከማኅተሙ በኋላ ሲመጣ ግን ዋጋውን ሌሎችም ይከፍሉታል።