ወባን በስሌት የተዋጉት ሰር ሮናልድ ሮስ

ሰር ሮናልድ ሮስ የወባ በሽታ በትንኝ አማካይነት እንደሚተላለፍ በማረጋገጣቸው በመላው ዓለም ይታወቃሉ። በሽታውን በሂሳብ ስሌት ለመቆጣጠር የሚያስችል መንገድ የቀየሱ መሆናቸው ግን የዚያን ያህል አይነገርም።

ሮስ በህንድ ያገለግሉ ከነበሩ የእንግሊዝ ጦር መኮንን እ.አ.አ. በ1857 አልሞራ በተባለች ከተማ ተወለዱ። በለንደን ህክምና ከተማሩ በኋላ በ1881 የህንድ የህክምና አገልግሎት ባልደረባ ሆኑ። ኦገስት 20 ቀን 1897 ሴከንደራባድ ውስጥ፣ የወባ ህመምተኛን ደም በመጠጠች ትንኝ ሆድ ዕቃ የበሽታውን ጥገኛ ተህዋስ አገኙ። በ1898 በካልካታ በአእዋፍ ላይ ባካሄዱት ምርምር ተህዋሱ በትንኟ ምራቅ እንደሚተላለፍ አረጋገጡ፤ በ1902ም የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ቀጣዩ ፈተና አስተዳደራዊ ነበር። በላሆር አቅራቢያ በሚገኘው የሚያን ሚር የጦር ሰፈር የተካሄደው ትንኝ የማጥፋት ሙከራ ባለመሳካቱ፣ ትንኝን ሁሉ ማጥፋት ስለማይቻል ለሥራው የሚመደብ ገንዘብ ከንቱ ነው የሚለው አስተሳሰብ ተጠናከረ።

ሮስ ምላሽ የሰጡት በቁጥር ነው። በ1908 ስለ ሞሪሺየስ ባቀረቡት ሪፖርትና በ1911 ባሳተሙት መጽሐፍ የህሙማንን፣ የሚድኑ ሰዎችንና የትንኞችን ብዛት አገናዝበው አሰሉ። የትንኞች ብዛት ከተወሰነ መጠን በታች ሲወርድ አንድ ህመምተኛ በአማካይ ከአንድ ላነሰ ሰው ስለሚያስተላልፍ፣ ትንኝ ፈጽሞ ሳይጠፋ ወባ ቀስ በቀስ እንደሚጠፋ አሳዩ።

የመጀመሪያው ስሌት የጎደለው ነገር ነበር፤ ሰዎች በተደጋጋሚ ሲታመሙ የሚያዳብሩትን የመከላከል አቅም አላካተተም። ወባ በጸናባቸው አካባቢዎች ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ህጻናት ይህን አቅም ገና ስላላገኙ ዋነኞቹ የሞት ሰለባዎች ናቸው። በሽታው አልፎ አልፎ በሚከሰትባቸው ሥፍራዎች ደግሞ አዋቂዎችም ይጋለጣሉ። በ1958 በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ተከስቶ 150 ሺህ ያህል ሰዎችን እንደገደለ የሚገመተው ወረርሽኝ ለዚህ ማስረጃ ነው።

ሮስ በ1932 በለንደን ከዚህ ዓለም በሞት ከተለዩ በኋላ ጆርጅ ማክዶናልድ በ1950ዎቹ ቀመሩን አዳበሩት። በ1970ዎቹም በናይጄሪያ ጋርኪ በተካሄደ ጥናት የመከላከል አቅም በስሌቱ ውስጥ ተካተተ።

የዓለም ጤና ድርጅት የመጀመሪያውን የህጻናት የወባ ክትባት በ2021፣ ሁለተኛውን በ2023 ጥቅም ላይ እንዲውሉ መክሯል። ክትባቱ በየትኛው ዕድሜና ወቅት ቢሰጥ የበለጠ ህይወት እንደሚያድን ለመገመት ባለሙያዎች የሚጠቀሙባቸው ቀመሮች መሠረታቸው የሮስ ስሌት ነው።