በሰው መሀል ብቻውን የቀረው ልዑል

እዚህ ሞያሌ፣ ማንያታ ውስጥ፣ ሁላችንም የምናውቀው አንድ ወጣት አለ። ከሰው እጅ ምግብ አይቀበልም፤ መርዝ ጨምራችሁበታል ይላል። ልጆች እብዱ እያሉ ይጠሩታል፣ እኛ ትልልቆቹም ሰምተን ዝም እንላለን። ሰሞኑን ሳየው ትዝ ያለኝ የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ፣ ልዑል ዓለማየሁ ነው። ታሪኩን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። እኔም አውቀው ነበር፤ እንደ ስደተኛ ልጅ ታሪክ ግን አስቤው አላውቅም።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ሲገድሉ ዓለማየሁ ገና ሰባት ዓመት ሊሞላው ነበር። የእንግሊዝ ጦር ልጁንና እናቱን እቴጌ ጥሩወርቅን ይዞ ወደ ባሕር ተጓዘ። እናቱም አንድ ወር ያህል ቆይተው ትግራይ ውስጥ መንገድ ላይ አረፉ። በአንድ ወር አባት፣ እናት፣ አገር ሄደ።

እንግሊዝ አገር የወሰደው ካፒቴን ስፒዲ ነው፤ እኛ አገር ባሻ ፈለቀ ይባል የነበረው። አማርኛ ያውቃል። ልጁ ሌሊት ሌሊት በጣም ይፈራ ስለነበር ስፒዲ አጠገቡ ካልሆነ አይተኛም። ንግሥት ቪክቶሪያ ዋይት ደሴት ላይ አይተውት ወደዱት፤ የሚበላው፣ የሚለብሰው አልጎደለበትም። ስፒዲ ህንድ ሲሄድም አብሮት ሄደ። በኋላ ግን መንግሥት ለትምህርቱ ይሻላል ብሎ ከእሱ ለየው። መጀመሪያ ቼልተንሃም፣ ቀጥሎ ራግቢ፣ ከዚያ የሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት። ቋንቋው ከአፉ ጠፋ። በመልኩ ምክንያት ሰው ሁሉ የሚያፈጥበት ይመስለው እንደነበር ንግሥቲቱ ራሳቸው በማስታወሻቸው ጽፈዋል።

በመጨረሻም ሊድስ ከተማ፣ የቀድሞ አስተማሪው ቤት ሳለ የሳንባ በሽታ ያዘው። መርዝ አብልተውኛል ብሎ ጠርጥሮ ምግቡንም ሕክምናውንም እምቢ አለ። በ1872 ዓ.ም. ኅዳር ወር፣ በ18 ዓመቱ ሞተ። የተቀበረው በዊንድሶር ቤተ መንግሥት፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነው። አፅሙ ይመለስ ተብሎ ብዙ ጊዜ ተጠይቋል፤ እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ መልሱ አይሆንም ነበር።

የገደለው የሳንባ በሽታ ነው፤ አብዶ ነበር ማለቴ አይደለም። ግን ያ ጥርጣሬ ከየት መጣ? ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ የት እንደሚኖር፣ ማን እንደሚያሳድገው፣ ምን እንደሚማር የሚወስኑለት ሌሎች ነበሩ። የለመደውን ሰው ሁሉ ነጥቀውታል። እንዲህ የኖረ ልጅ የሚጎርሰውን ቢጠራጠር ይገርማል እንዴ? ኤሚል ዱርካይም የሚባል ፈረንሳዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1897 ባሳተመው ጥናት፣ ሰው ራሱን የሚያጠፋው በግል ጭንቀቱ ብቻ እንዳልሆነ አሳይቷል፤ ከማኅበረሰቡ ጋር ያለው ገመድ ሲላላም አደጋው ይጨምራል። የአእምሮ ሕመም ሥሩ ብዙ ነው፣ በዘርም በአካልም ይመጣል። ብቸኝነትና መገለል ግን ያባብሱታል፤ እብድ የሚለው ስም ደግሞ ጭራሽ በሩን ይዘጋዋል።

ወገኖቼ፣ ለዓለማየሁ ዳቦም፣ ሐኪምም፣ የንግሥት ፍቅርም ነበረው። ያጣው የራሱን ሰው ነው። እኛ እዚህ ብዙ ነገር የለንም፤ አማርኛው፣ ቡናው፣ አንተ እንዴት አደርክ ማለቱ ግን አለን። በየመጠለያችሁ እንቅልፍ ያጣ፣ ምግብ የተወ፣ ከሰው የሸሸ ካለ ስም አታውጡለት፣ አትሰሩት። ጸበል የሚፈልግ ጸበሉን ይጠመቅ፤ ጤና ጣቢያም ይሂድ፣ መድኃኒቱንም አያቋርጥ። ብቻውን ግን አይሂድ።

እኔ ትናንት ለዚያ ወጣት ቡና ቀዳሁለት። መጀመሪያ እኔ ከስኒው ፉት አልኩለት። ዝም ብሎ አየኝ፣ ከዚያ ተቀበለኝ።