ስልኩን የመረጠው ሰው

ይህ የአሜሪካዊው የቢል ዊልሰን የሕይወት ታሪክ ነው።

ቢል እ.ኤ.አ. በ1895 በቬርሞንት ክፍለ ሀገር፣ ኢስት ዶርሴት በምትባል ትንሽ መንደር ተወለደ። ወላጆቹ በመለያየታቸው ያሳደጉት የእናቱ ወላጆች ናቸው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወጣት መኮንን ሳለ በአንድ ግብዣ ላይ መጠጥ ቀመሰ። ዓይናፋር ስለነበረ ያቺ ብርጭቆ አንደበቱን ፈታችለት። ጣጣው የጀመረው እንግዲህ ከዚህ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ በኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ጥሩ ገንዘብ አገኘ። ምን ዋጋ አለው! በ1929 ገበያው ሲወድቅ ገንዘቡ ሄደ፤ መጠጡ ግን አብሮት ቀረ። ቤቱን የምትደጉመው ሱቅ ተቀጥራ የምትሠራው ሚስቱ ሎይስ ነበረች። ሁለተኛ አልጠጣም እያለ በቤተሰቡ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ይጽፍላታል፤ ብዙም ሳይቆይ ሰክሮ ይመጣል። እዚህ ላይ ልብ እንበል፤ ሰውየው ሲምል ከልቡ ነበር። ከልብ ምሎ መሐላውን መጠበቅ ማቃት አንዱ የሱስ ምልክት ነው።

በታውንስ ሆስፒታል ያከሙት ዶክተር ሲልክዎርዝ ነገሩ በሽታ መሆኑን አስረዱት። ይህን ሰምቶም ጠጣ፤ እንዲያውም አራት ጊዜ ሆስፒታል ተኝቷል። (ለዓመታት በየቀኑ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም ሰውነቱ ሊንቀጠቀጥ፣ ራሱን ስቶ ሊወድቅም ስለሚችል ሐኪም ያስፈልገዋል።) በኋላ በመጠጥ የሚታወቅ የድሮ ጓደኛው ቤቱ መጥቶ እኔ ትቻለሁ ቢለው ልቡ ተነካ። ከዲሴምበር 1934 ወዲህ መጠጥ አልቀመሰም።

ታዲያ በሜይ 1935 ለሥራ ወደ አክሮን ከተማ ሄዶ ሥራው ከሸፈበት። በሆቴሉ አዳራሽ ብቻውን ይንጎራደዳል። በአንድ ወገን ከቡና ቤቱ ሳቅና ጨዋታ ይሰማል፤ በሌላው ወገን ስልክ አለ። ሊወድቅ መሆኑን አወቀው። እንደሱ የተቸገረ ሰው ካላገኘ እንደማይተርፍ ስለገባው ለአንድ ቄስ ደወለ። አንዱ ወደ ሌላው እየመራው በመጨረሻ ዶክተር ቦብ ስሚዝ ከሚባሉ የቀዶ ጥገና ሐኪም ጋር ተገናኘ። እሳቸውም በመጠጥ የተያዙ ነበሩ። ምክር ስለሰለቻቸው 15 ደቂቃ ብቻ ብለው መጥተው ከ6 ሰዓት በላይ ተቀመጡ! ቢል ምክር አልሰጣቸውማ፤ የራሱን ውድቀት ነው ያጫወታቸው። ዶክተሩ አንድ ጊዜ ደግመው ከወደቁ በኋላ ከጁን 10 ቀን 1935 ጀምሮ በ1950 እስኪሞቱ ድረስ አልጠጡም።

ያ ቀን አልኮሊክስ አኖኒመስ የተባለው፣ ጠጪዎች የአባት ስማቸውን ሳይናገሩ፣ ክፍያም ሳይጠየቁ እየተሰበሰቡ የሚረዳዱበት ማኅበር ልደት ሆኖ ይከበራል። ዛሬ ከመቶ በሚበልጡ አገሮች ይገኛል። ሎይስም በ1951 ለጠጪዎች ቤተሰቦች ሌላ ማኅበር አቋቁማለች፤ የእሷ ድካም ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

ቢል ሲጋራን ግን ለረጅም ዘመን መተው አቅቶት ሳንባው ተጎዳ። ጃንዋሪ 24 ቀን 1971 ለሕክምና በሄደበት በማያሚ አረፈ።