ከመስኮቱ ማዶ ያለው ባቡር፦ የሮሜር ቢርደን ሕይወት

በዚህ እትም የምናስተዋውቃችሁ ሠዓሊ የታወቀው በመቀስና በሙጫ ነው። ሮሜር ቢርደን ይባላል፤ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ከመጽሔት የተቆረጡ ፎቶግራፎችን እየለጠፉ አዲስ ሥዕል በመሥራት፣ ማለትም ኮላዥ በሚባለው ጥበብ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ስማቸው ከሚጠራ ሠዓሊዎች አንዱ ነው።

ሥራዎቹን ጎን ለጎን አድርገን ስንመለከት ባቡር ደጋግሞ ዓይናችን ውስጥ ገባ። ሰዎች ወንዝ ውስጥ ሲጠመቁ ከበስተኋላ ባቡር አለ። ቤተሰብ ቤቱ ተቀምጦ በመስኮቱ ባቡር ይታያል። ባቡሩ ትንሽ ነው፤ ሥዕሉም የባቡር ሥዕል አይደለም። ሆኖም እንደ ዘፈን አዝማች እየተመላለሰ ይመጣል። ለምን ይሆን? መልሱን ከሕይወቱ ፈለግን።

ቢርደን የተወለደው በ1911 በሰሜን ካሮላይና፣ በቻርለት ከተማ ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አካባቢው ጥጥ አብቃይ ነበር። በዚያን ዘመን በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ጥቁሮች በሕግ ከነጮች ተለይተው ይኖሩ ነበር፤ የመምረጥ መብታቸው ተነፍጎ፣ በመንጋ ፍርድም ብዙዎች ይገደሉ ነበር። ከ1910ዎቹ እስከ 1970 ድረስ 6 ሚሊዮን የሚያህሉ ጥቁሮች ደቡቡን ለቀው ወደ ሌሎች የአገሪቱ ከተሞች ተሰደዱ። ብዙዎቹን ያጓጓዘው ባቡር ነው።

የቢርደንም ወላጆች እሱ ገና ሕፃን ሳለ ወደ ኒው ዮርክ ሄደው በሃርለም ሰፈሩ። እናቱ ቤሲ ጋዜጠኛ ስለነበሩ ቤታቸው ጸሐፊና ሙዚቀኛ አይጠፋበትም ነበር። በትምህርት ቤት ዕረፍት ግን ልጁ ወደ ቻርለት ዘመዶቹ ይመለስ ነበር። ሁለተኛ ደረጃን በ1929 ያጠናቀቀው ደግሞ በፒትስበርግ ነው። በዚያች ከተማ አያቱ ለብረት ፋብሪካ ሠራተኞች ክፍል ያከራዩ ነበር፤ ከተከራዮቹም ብዙዎቹ ከደቡብ የመጡ ሰዎች ነበሩ። እንዲህ ሆኖ ቢርደን ያደገው በመሄድና በመምጣት መካከል ነው።

በ1935 ከኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ በመምህርነት ትምህርት ተመረቀ። ጆርጅ ግሮስ ከተባለው ጀርመናዊ ሠዓሊም ሥዕል ተማረ። እንጀራው ግን ሥዕል አልነበረም፤ ለብዙ ዓመታት በኒው ዮርክ ከተማ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ ሆኖ ችግረኛ ቤተሰቦችን ሲረዳ ቆይቶ ከሥራ መልስ ነበር የሚሥለው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወታደር ሆነ፤ በ1950 ፓሪስ ሄዶ ፍልስፍና ተማረ። ሲመለስ ሥዕሉን ትቶ ዘፈን ወደ መድረስ አዘነበለ፤ በዚያው አሥርት ዓመት ውስጥም ጤናው ታውኮ ሆስፒታል እስከ መግባት ደረሰ። ሲያገግም ወደ ሥዕል ተመለሰ።

በ1963 ታላቁ የዋሽንግተን ሰልፍ ሊደረግ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ ጥቁር ሠዓሊዎች በቢርደን ስቱዲዮ ተሰብስበው ስፓይራል የተባለውን ቡድን መሠረቱ። ጥያቄያቸው በዚያ የትግል ወቅት የሠዓሊ ድርሻ ምንድን ነው የሚል ነበር። ቢርደን ሁላችንም በአንድነት ኮላዥ እንሥራ ሲል ሐሳብ አቀረበ። ሌሎቹ አልተቀበሉትም። እሱ ግን ብቻውን ቀጠለ።

የዚያ ጊዜ ጋዜጦች ስለ ጥቁሮች በብዛት ያሳዩ የነበረው ሰልፍ፣ ዱላና የፖሊስ ውሻ ነበር። ቢርደን ግን ከመጽሔትና ከጋዜጣ ዓይኑን ከአንዱ፣ እጁን ከሌላው፣ ጉንጩን ከአፍሪካ ጭምብል ፎቶግራፍ ቆርጦ እናት፣ ገበሬ፣ ሙዚቀኛ ሠራ። ፊቶቹ የብዙ ሰው ፊት ናቸው። እጆቹ ከልክ በላይ ትልልቅ ናቸው፤ የሥራ እጆች ናቸውና። ትንንሾቹን ኮላዦች በፎቶግራፍ ዘዴ አሳድጎ በ1964 ለሕዝብ አሳየ። ያን ጊዜ 53 ዓመቱ ነበር፤ ዝናውም የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ባቡሩ በእነዚህ ሥራዎች ውስጥ ቦታውን ያዘ። እንደገባን ከሆነ ትርጉሙ ሁለት ነው። ባቡር ሰውን ከመከራ ያወጣል፤ ደግሞም ከአያቱ ደጅ ይነጥላል። ባቡሩን ከቤቱ ጀርባ ሲለጥፍ፣ ቤት ውስጥ ከተቀመጡት አንዱ ነገ እንደሚሄድ ያስታውሰናል። ሥዕሉ ውስጥ ግን ገና አልሄደም። ሁሉም በአንድነት ናቸው። ቢርደን በመቀስ ለያይቶ በሙጫ የሰበሰበው ወረቀት ብቻ አልነበረም፤ ባቡር የበታተነውን ቤተሰብ ነው።

በ1971 በኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ሰፊ ዐውደ ርእይ ቀረበለት። ከሥራዎቹ አንዱ ስድስት ሰሌዳ ያለው፣ 5.5 ሜትር ያህል የሚረዝም የሃርለም መንገድ ኮላዥ ነበር፤ በየመስኮቱም የሰው ኑሮ ይታያል። በ1987 የአሜሪካን ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ሜዳልያ ተሸለመ፤ በመጋቢት 1988 ኒው ዮርክ ውስጥ አረፈ። ሕፃን ሆኖ የለቀቃት ቻርለት ዛሬ በመካከሏ በስሙ የተሰየመ መናፈሻ አላት።

ከሥራዎቹ አንዱን በመጽሐፍ ወይም በሙዚየም ስታገኙ መጀመሪያ ሰዎቹን እዩ። ቀጥሎ ከኋላቸው ባቡሩን ፈልጉ።